ከኮምፒውተር ወደ ሳሎን ቲቪ የሚሄደው ቪዲዮ ይቆራረጣል፤ ፓኬጅ ላሳድግ?

ሰኞ_ገበያ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ። ደሴ ነኝ።

ኮምፒውተሩ ሰርቪስ ቤት ነው፤ ቲቪውና ራውተሩ ሳሎን። መሀላቸው ግቢ አለ፣ በሜትር ሲለካ 22 ሆነ። የሰርቪሱ ግድግዳ ብሎኬት፣ የዋናው ቤት ድንጋይ ነው። ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ፣ ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ቲቪው 43 ኢንች አንድሮይድ። የጄሊፊን (የራስን ቪዲዮ ከኮምፒውተር ወደ ቲቪ የሚያሻግር ፕሮግራም) ሰርቨር ኮምፒውተሩ ላይ፣ አፑ ቲቪው ላይ ተጭኗል። ሁለቱም በዋይፋይ ነው የሚገናኙት።

የሰርግ ቪዲዮ ሲከፈት በየደቂቃው ቀጥ ይልና ክቧ ትሽከረከራለች። አንዳንድ ፊልም ደግሞ ገና ሲጀምር ይንገዳገዳል፣ ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ይጎተታል። ሌሎቹ ከዳር እስከ ዳር ንክች አይሉም። ኢንተርኔቱ 5 ሜጋ ነው። ወደ 10 ላሳድገው ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

ቦርከና_ሽቦ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡35

አብሽሪ እህቴ፣ ፓኬጁን ተዪው። ቪዲዮው ከሰርቪስ ተነስቶ ሳሎን እስኪገባ ከግቢሽ አይወጣም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ከውጭ የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ከራውተሩ ነቅለሽ ያንኑ ቪዲዮ ክፈቺ። ይጫወታል፤ ልክ እንደበፊቱም ይቆራረጣል። 5 ሜጋም ሆነ 50፣ በሳሎንና በሰርቪስ መሀል ያለውን መንገድ አያሰፋውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይሄ ነው፦ ኮምፒውተሩም ቲቪውም በዋይፋይ ሲሆኑ አንዱ የቪዲዮ ቁራጭ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል። መጀመሪያ ከኮምፒውተር ወደ ራውተር፣ ቀጥሎ ከራውተር ወደ ቲቪ። አየሩ አንድ ስለሆነ ሁለቱ ጉዞዎች ተራ ይጠባበቃሉ፣ ፍጥነቱም ለሁለት ይከፈላል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አንድ አንቴና ያለው መሣሪያ «72 ሜጋቢት» ብሎ ያሳይሻል፤ እሱ የስም ፍጥነት ነው፣ በእጅ የሚገባው ግማሹ ገደማ ነው። ያንን ደግሞ ለሁለት ክፈይው፣ የብሎኬትና የድንጋይ ግድግዳ ጨምሪበት፣ የጎረቤቶችን ዋይፋይም አትርሺ። ከ10 እስከ 15 ቢተርፍ ጥሩ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ክፍል ውስጥ ይፈጥናል፣ ድንጋይ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል፤ ለእናንተ ግቢ አልመርጠውም።

አሁኑኑ የሚደረግ፦ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቺና ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1) ፒንግ አድርጊ (መልስ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው)፣ ቪዲዮው እየተጫወተ 2 ደቂቃ ያህል ይቆይ። 2፣ 3፣ 5 ሚሊሰከንድ እያለ ከቀጠለ መንገዱ ደህና ነው። አንዴ 4 አንዴ 250 ከሆነ፣ ወይም መልስ የጠፋባቸው ካሉ፣ ጥፋተኛው ዋይፋዩ ነው።

ኮዴክ_ፈታሽ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡05

ቦርከና ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ጥያቄዋ ውስጥ ሁለት በሽታ አለ፤ ምልክታቸው ስለተቀራረበ አንድ መድኃኒት ብቻ እንዳንሰጣት። ሲጫወት ቆይቶ ቀጥ ማለትና ገና ሲጀምር መንገዳገድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ መንገድ ሲጠብ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ።

ጄሊፊን ፋይሉ ቲቪው የሚችለው ዓይነት ከሆነ እንዳለ ያሻግረዋል፤ ኮምፒውተሩ ፋይል ከማንበብ ውጪ ምንም አይሠራም። ቪዲዮው ተስማሚ ሆኖ መያዣው ብቻ ካልተስማማ መያዣውን ይቀይርለታል፣ ይህም ቀላል ነው። (ኤም ኬ ቪ እና ኤም ፒ 4 የቪዲዮ ዓይነት እንዳይመስሏችሁ፤ ውስጣቸው የፈለገው ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮው የታመቀበት ስልት፣ ሊኖር ይችላል።) ድምፁ ብቻ ሲያስቸግር፣ ለምሳሌ ዲ ቲ ኤስ ሲሆን፣ ድምፁን ብቻ ይለውጣል፤ እሱም አያደክምም። ቪዲዮው ራሱ መለወጥ ካለበት ግን እያንዳንዱ ምስል ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። ትራንስኮዲንግ የሚሉት ይሄ ነው፤ የአራተኛ ትውልድ አይ 5 የሚንገዳገደውም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮው እየሮጠ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የጄሊፊንን ዳሽቦርድ ክፈቺ፤ አድራሻው የኮምፒውተሩ አይፒ (በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ያለው ቁጥር) ሆኖ ወደቡ 8096 ነው። የሚጫወተው ፋይል ሣጥን ላይ ያለችውን የመረጃ ምልክት ስትነኪ እንዳለ እየሄደ እንደሆነ ወይም እየተለወጠ እንደሆነ፣ ከተለወጠም ምክንያቱን ይነግርሻል። ሁለቱንም ፋይሎች ሞክሪና ያለውን ጻፊልን። የፋይሉን ዓይነት በቪ ኤል ሲ ከፍተሽ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ብትጫኚ ታገኚዋለሽ።

ጋሽ_ራዲዮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጆች፣ ሀርድ ዲስኩን ቲቪው ጀርባ ሰክቶ ማየት አይቀልም ወይ? ሰርቨር የለ፣ ራውተር የለ።

ኮዴክ_ፈታሽ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡31

ጋሼ፣ ለአንድ ቲቪና ለትንሽ ፋይል እውነትዎን ነው፣ እሱን የሚያህል ቀላል የለም። ሁለት ነገር ግን ይጠብቁ። ፍላሹ ፋት 32 ሆኖ ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ሌላው ኃይል ነው፦ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ ደግሞ ሲነሳ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። «ጠቅ… ጠቅ…» እያለ ካልታየ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ተበላሽቶ ሳይሆን ኃይል አንሶት ነው። የራሱ አዳፕተር ያለው ዲስክ ያስፈልጋል።

ሰኞ_ገበያ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡00

አላህ ይስጣችሁ። የታየው እንዲህ ነው።

የሰርጉ፦ ኮዴኩ ኤች 264፣ 1920 በ1080 ኢንተርሌስድ፣ 25 ፍሬም፣ ድምፁ ኤ ሲ 3፣ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚጠይቀው ዳታ) 24 ሜጋቢት አካባቢ። ካሜራው ያወጣው የኤም ቲ ኤስ ፋይል እንዳለ ነው። ዳሽቦርዱ እንዳለ እየሄደ ነው ይላል። የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር 4 በመቶ ላይ ነው። ፒንጉ ከ3 እስከ 310 ይዘላል።

የሚንገዳገደው ፊልም፦ ኮዴኩ ኤች 265፣ 10 ቢት፣ ኤም ኬ ቪ። እየተለወጠ ነው ይላል፤ ምክንያት ያለው የጽሑፍ ትርጉሙ ዓይነት አይደገፍም የሚል ነው። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ።

ኮዴክ_ፈታሽ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ግሩም፣ እንዲህ ያለ መልስ ነው ሥራ የሚያቀለው። የሰርጉ የቦርከና ነው፤ 24 ሜጋቢት የሚጠይቅ ፋይል 15 በሚያሳልፍ መንገድ አይሄድም። የፊልሙን እኔ ልውሰደው።

ልብ በይ፣ ቲቪሽ ኤች 265ን አልጠላም። ያስቸገረው ጽሑፉ ነው። ከብሉሬይ የተወሰዱ ፊልሞች የሚይዙት ጽሑፍ ፒ ጂ ኤስ ይባላል፤ ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነው። አፑ ሥዕሉን ማሳየት ካልቻለ ሰርቨሩ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ሊያትመው ይገደዳል፤ ለማተም ቪዲዮውን በሙሉ ፈትቶ እንደገና ማሰር አለበት። የአራተኛ ትውልድ ኢንቴል የግራፊክስ ክፍል ኤች 264 እና ኤምፔግ 2 መፍታት ያግዛል፣ ኤች 265ን ግን አያውቀውም። 8 ቢቱ በስድስተኛው ትውልድ፣ 10 ቢቱ በሰባተኛው ነው የመጣው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። የሃርድዌር እገዛውን ብታበሪውም መፍታቱ ላይ አይጠቅምሽም።

ሙከራው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን አጥፊና አጫውቺ። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ወደ ታች ከወረደ ምርመራው አልቋል። ከዚያ በመጀመሪያ አፑን አዘምኚ፤ አዳዲሶቹ እትሞች ፒ ጂ ኤስን ራሳቸው የሚያሳዩበት ሁኔታ አለ። ካልሆነ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሥዕሉን ወደ ፊደል አስነብቢና በኤስ አር ቲ አስቀምጪ። ኤስ አር ቲ ጥቂት ኪሎባይት የሆነ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቲቪው ራሱ ይጽፈዋል፣ ቪዲዮው አይነካም።

አዲስ ኮምፒውተር እንዳትገዢ። ፋይሉን ለቲቪው ማስማማት ኮምፒውተር ከመቀየር ሁልጊዜ ይረክሳል።

ቦርከና_ሽቦ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡15

የኔን ድርሻ ልጻፍ፤ ኬብል ነው። ራውተሩ ሳሎን ስለሆነ ከሰርቪስ እስከ ሳሎን አንድ መስመር ይበቃል። ቲቪውንም ከራውተሩ ጋር በ2 ሜትር ኬብል አገናኚው፤ አጠገቡ ሆኖ በዋይፋይ የሚለምንበት ምክንያት የለም።

22 ሜትር ከሆነ 30 ሜትር ግዢ፤ ማዕዘኑም፣ መውረጃ መውጫውም ይበላል። ካት 5 ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ይበቃል፣ እስከ 100 ሜትር 1 ጊጋቢት ያሳልፋል። ካት 6 አያስፈልግም፤ ብዙ ቲቪዎች የኬብል መግቢያቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ስለሆነ ትርፉ አይታይም። ዋናው ነገር መዳቡ ነው። ገበያ ላይ አልሙኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ ሽቦ በብዛት አለ፤ ርካሽ ነው፣ ጫፉ ሲታሰር ይሰበራል፣ ርቀት ላይ ይደክማል። ሳይገዙ አንዱን ሽቦ በምላጭ መፋቅ ነው፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዪው። ክብደቱም ይናገራል፣ እውነተኛው መዳብ እጅ ላይ ይከብዳል። ከቤት የሚወጣው ጥቁር ሽፋን ያለው የውጭ ኬብል ይሁን፤ ነጩን ወይም ግራጫውን ፀሐይ ታደርቀውና ይሰነጠቃል።

የአር ጄ 45 ጫፍ 6 ያዢ። የሚፈለገው 2 ነው፣ ግን የመጀመሪያዎቹ ይበላሻሉ። የሽቦዎቹ ተራ፣ የጫፉ መቆለፊያ ምላስ ወደ ታች፣ የወርቅ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ ከግራ ሲቆጠር፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ጥንዶቹ የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም፤ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቺያቸው። ውጫዊው ሽፋን ጫፉ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት፤ ሽቦዎቹ ብቻ ከተያዙ በመጀመሪያው ጉተታ ይነቀላል።

ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አትክተቺው። ጎን ለጎን የግድ ከሄደ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይራራቁ፤ መሻገር ካለበት መስቀል ሠርቶ ይሻገር። ኮርኒስ ላይ የሚያልፈውን በፕላስቲክ ቱቦ አስገቢው፣ አይጥ ይበላዋል። ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ አጎንብሶ ይግባ፤ አለዚያ የክረምቱ ውኃ በኬብሉ ተንሸራቶ ቤት ይገባል።

ስታገናኚ ኮምፒውተሩ 1 ጊጋቢት ሳይሆን 100 ካለ፣ ራውተሩ የ100 መሆኑን መጀመሪያ እዪ። ራውተሩ ጊጋ ሆኖ 100 ካለ ግን ሰማያዊ ወይም ቡኒ ጥንድ አልነካም ማለት ነው፤ 100 የሚጠቀመው ብርቱካኑንና አረንጓዴውን ብቻ ነው። ለቪዲዮው 100ውም ይተርፋል።

ጋሽ_ራዲዮ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡40

ኬብሉን ከመዘርጋታችሁ በፊት ስለ መብረቅ ልናገር፤ ይሄ የሚቀለድበት አይደለም። በሁለት ቤት መሀል የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ መብረቅ ሩቅ ቢወድቅ እንኳ ኃይል ይቀበላል። ሁለቱ ቤቶች የመሬት ሽቦአቸው የተለያየ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በኬብሉ ያልፋል። የሚቃጠለው በመጀመሪያ የራውተሩ ወደብ፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ፤ ከአንድ ወገን ብቻ መንቀል ሌላውን አያድንም። የዲሹንም ገመድ እንደዚያው።

አቅም ካለ መፍትሔው ፋይበር ነው፦ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ 30 ሜትር ፋይበርና ሁለት መቀየሪያ ሣጥን። መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

መብራትም አለ። ዲስኩ እየጻፈ መብራት ከሄደ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ማውጫውም ሊበላሽ ይችላል። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ሣጥን) ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ስታባዙት 84 ዋት ሰዓት። በመለወጥ የሚባክነውን ቀንሳችሁ፣ 60 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕና 10 ዋት ራውተር ብትሰኩበት ባትሪው አዲስ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ይህ ፊልም ለማየት አይደለም፣ ኮምፒውተሩን በሰላም ለማጥፋት ነው። ስክሪኑንና ቲቪውን እዚያው ላይ አትሰኩ።

አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ግን ከዴስክቶፕ ይልቅ እሱን ሰርቨር አድርጉት። ባትሪው የራሱ ዩፒኤስ ነው፣ የሚበላውም 20 ዋት አካባቢ ነው። ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሹ ሣጥን ይበቃዋል፤ ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር ጽሑፍ አንብቡ፣ 9 ቮልት እና 12 ቮልት አሉ። 9ኙ ላይ 12 የሰካ ራውተሩን ያጣል።

ቦርከና_ሽቦ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡02

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። መብረቁን እኔ ማንሳት ነበረብኝ። ላፕቶፕ ለሚያደርግ አንድ ነገር ልጨምር፦ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ በኃይል ቅንብሩ ውስጥ ክዳን ሲዘጋ ምንም አታድርግ የሚለውን መምረጥ፣ መተኛቱንም «በፍጹም» ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ፤ ክዳኑ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕ ይታፈናል። ደሴ ላይ የማይታይ ችግር እዚህ በበጋ ይታያል። ክፍት ቦታ፣ ከሥሩ ሁለት እንጨት፣ ማራገቢያውን ከአቧራ ማጽዳት።

ጢጣ_መንገድ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

በዚሁ ክር ልጠይቅ፣ ይቅርታ። እኔ ጋ ሰርቪስ ቤት ሁለተኛ ራውተር አለ፣ ከዋናው በኬብል የተያያዘ። ኮምፒውተሩ ሁለተኛው ላይ ነው፣ ቲቪው ዋናው ላይ። ዲ ኤል ኤን ኤ (ቲቪው ያለ ልዩ አፕ ሰርቨሩን አግኝቶ የሚያጫውትበት ዘዴ) ከፍቻለሁ፣ ቲቪው ሰርቨሩን በጭራሽ አያየውም። ኢንተርኔት ግን ሁለቱም ጋ አለ።

ቦርከና_ሽቦ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

ወንድሜ፣ ያንተ ሁለት ቤት ሆኗል። የኮምፒውተርህንና የቲቪህን አይፒ አወዳድር፤ አንዱ 192.168.1 ሌላው 192.168.0 የሚል እንደሚሆን እገምታለሁ። ከዋናው የመጣው ኬብል ሁለተኛው ራውተር ዋን የሚለው ወደብ ላይ ስለተሰካ ራውተሩ የራሱን መንደር (የተለየ ኔትወርክ) መሥርቷል። ዲ ኤል ኤን ኤ «ሰርቨር ያለህ» ብሎ የሚጣራው በመንደሩ ውስጥ ብቻ ነው (በ239.255.255.250፣ ወደብ 1900)፤ ድምፁ አጥር አይሻገርም።

ሁለተኛውን ራውተር ተራ ማከፋፈያ አድርገው። መጀመሪያ ኮምፒውተርህን በኬብል ለብቻው አገናኝና ገጹን ክፈት። የራሱን አድራሻ 192.168.1.2 አድርግ፣ ዋናው የማያድለው ቁጥር መሆኑን አረጋግጠህ። አድራሻ የሚያድለውን ዲ ኤች ሲ ፒ አጥፋ። አስቀምጥ። ከዚያ ከዋናው የመጣውን ኬብል ከዋን ነቅለህ ላን ከሚሉት አንዱ ላይ ሰካ። ቅደም ተከተሉን አትቀይር፤ ዲ ኤች ሲ ፒ ሳይጠፋ ከሰካኸው ሁለት አድራሻ አዳይ በአንድ መንደር ይሆንና ቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት ያጣል። የእንግዳ ዋይፋይ የሚለውንም ተው፤ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ታስቦ የተሠራ ነው።

ኮዴክ_ፈታሽ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጄሊፊን ለምትጠቀሙ፦ ከ10.9 እትም (2024) ወዲህ ዲ ኤል ኤን ኤ ከዋናው ፕሮግራም ወጥቶ ተጨማሪ ፕለጊን ሆኗል። ከማሻሻላችሁ በፊት የነበረው ከተሻሻለ በኋላ «ጠፋ» የምትሉ፣ ከፕለጊን ማውጫው ጫኑት። አፕ የሚጫንበት ቲቪ ካላችሁ ግን ዲ ኤል ኤን ኤውን አልመክርም። ካቆማችሁበት አይቀጥልም፣ የጽሑፍ ትርጉሙም እንደ ቲቪው ፈቃድ ነው።

ሰኞ_ገበያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ኬብሉ ተዘረጋ፣ 26 ሜትር ወሰደ። መጀመሪያ ላይ ቲቪው ሰርቨሩን ማየት እምቢ ብሎ ነበር፤ ዊንዶውስ አዲሱን የኬብል መስመር «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ፋየርዎሉ ዘግቶት ነው። «ፕራይቬት» ሲደረግ መጣ። ፒንጉ አሁን 1 ሚሊሰከንድ ላይ ቆሟል፣ የሰርጉ ቪዲዮ 2 ሰዓት ሙሉ ሳይቆም ሄደ። የፊልሙ ጽሑፍ በኤስ አር ቲ ሲተካ ፕሮሰሰሩ 3 በመቶ ሆነ።

ሦስት ነገር ቀረ። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ አፑ ሰርቨሩን አጣው። የሰርጉ ቪዲዮ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ፣ በተለይ እስክስታው ላይ፣ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ይሆናል። ለእናቴ ያዘጋጀነው የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል።

ቦርከና_ሽቦ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ማሻ አላህ። የመጀመሪያው፦ ራውተሩ ሲነሳ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ነው። ራውተሩ ገጽ ውስጥ ከዲ ኤች ሲ ፒ ሥር አድራሻ ማስያዣ አለ፤ የኮምፒውተሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ከአንድ ቁጥር ጋር እሰሪው፣ ለምሳሌ 192.168.1.50። የኬብል ካርዱን ማክ እንጂ የዋይፋዩን እንዳትወስጂ፣ ሁለቱ ይለያያሉ። የኮምፒውተሩን ዋይፋይም አጥፊው። ቀጥሎ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አብሪ።

ፊደል_ገበታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የአማርኛውን ጽሑፍ እኔ ልመልስ። የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ችግሩን ራሱ ይነግራል።

ባዶ ካሬዎች ከሆኑ ቲቪው የግዕዝ ፊደል የለውም። ሌላ አፕ ላይ አማርኛ ርዕስ ፈልጊ፤ እዚያ በደንብ ከተነበበ ፊደሉ አለ ማለት ነው። አንድሮይድ ቲቪዎች በአብዛኛው አላቸው። የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከሆኑ ሁለት ዕድል አለ፦ ወይ ፋይሉ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደል በቁጥር የሚቀመጥበት ስልት) እየተነበበ ነው፣ ወይ ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ የቆዩ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እንዲህ ያለው በመቀየሪያ ፕሮግራም ካልሆነ አይስተካከልም።

ያንቺ የጥያቄ ምልክት ግን ሌላ ነው። ኖትፓድ ላይ ሲቀመጥ ኢንኮዲንጉ «አንሲ» ተብሏል። አንሲ ግዕዝን ስለማያውቅ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ አስቀምጦታል፤ ከዚያ ፋይል ምንም አይመለስም። ዋናውን ጽሑፍ ፈልጊና እንደገና ስታስቀምጪ «ዩ ቲ ኤፍ 8» ምረጪ። የፋይሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር በፍጹም አንድ ይሁን፣ ከኤስ አር ቲው ነጥብ በፊት ሌላ ነጥብና የአማርኛ ምልክት የሆኑትን ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤ እና ኤም፣ ጨምሪበት። ጄሊፊን «አማርኛ» ብሎ ይዘረዝረዋል።

ለእናት ከሆነ መጠኑን ከአፑ ቅንብር አሳድጊው። መስመሩንም አሳጥሪ፤ በአንድ መስመር ከ35 ፊደል ባይበልጥ፣ ከሁለት መስመርም ባያልፍ ጥሩ ነው። የኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ በላቲን ልክ የተቆረጠ መስመር ከስክሪን ይወጣል።

ኮዴክ_ፈታሽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ማበጠሪያው ኢንተርሌሲንግ ነው። ካሜራው በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ያነሳና ሁለት ሁለቱን አጣምሮ 25 አድርጎ ያስቀምጣል፤ በሁለቱ ግማሾች መሀል ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ይላቀቃል። ቲቪው ራሱ ማለስለስ ይችል ይሆናል፣ በአፕ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ይተወዋል።

ሃንድብሬክ የሚባለውን ቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ጫኚ፣ «ፋስት 1080 ፒ 30» የሚለውን መነሻ ውሰጂ። ፊልተር ውስጥ ዲኢንተርሌስን «ያዲፍ» አድርገሽ አሠራሩን «ቦብ» በይው፤ 50ዎቹን ግማሾች 50 ሙሉ ምስል ያደርጋቸዋል፣ እስክስታው ሲታይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው፦ መነሻው ፍሬሙን በ30 ይገድባል። ፍሬም ሬቱን «ከምንጩ ጋር አንድ» ካላደረግሽው ከ50ው 20 ይጣልና እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ሌቭሉን 4.2 አድርጊ፣ 4.1 ለ1080 በ50 አይበቃም። ጥራቱ አር ኤፍ 20፣ ድምፁ ኤ ኤ ሲ 160። ኢንኮደሩ ተራው ኤች 264 ይሁን።

መጀመሪያ 1 ደቂቃ ብቻ ቆርጠሽ ሞክሪና ቲቪው ላይ እዪው። ጥሩ ከሆነ ሁሉንም አሰልፊና ሌሊት ይሥራ፤ ይህ ፕሮሰሰር ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። መብራት ከሄደ እየተሠራ የነበረው አንዱ ፋይል ከዜሮ ይጀምራል፣ ያለቁት አይነኩም፤ ስለዚህ አንድ ረጅም ፋይል ከማድረግ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ይሠራ።

በሲዲ ያሉ የቆዩ ሰርጎችም ካሉ እዚያው አብረሽ አድርጊያቸው። ዲቪዲው 720 በ576 ኤምፔግ 2 ነው፣ እሱም ኢንተርሌስድ ስለሆነ ያው ፊልተር ይሠራለታል። ቪሲዲው 352 በ288 ስለሆነ ፊልተርም አያስፈልገው፣ ማሳደግም አይጠቅመውም፤ ቲቪው ራሱ ያሳድገዋል። ጄሊፊን ውስጥ የሰርጎቹን ማኅደር ስትፈጥሪ ዓይነቱን «የቤት ቪዲዮ» በይው። «ፊልም» ካልሽው ስሙን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ፖስተር ሲፈልግ ፓኬጅሽን ይበላል፣ የማይገናኝ ፖስተርም ይለጥፍበታል።

ሰኞ_ገበያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52

እሺ። አዲሱ ሲያልቅ የኤም ቲ ኤሱን ላጥፋው? ዲስኩ እየሞላ ነው።

ኮዴክ_ፈታሽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡58

አታጥፊው እህቴ። በ24 ሜጋቢት 2 ሰዓቱ 21.6 ጊጋ ነው፤ ሰርጉ 4 ሰዓት ቢሆን 43 ጊጋ ገደማ። 500 ጊጋ ዲስክ እንዲህ ያሉ 10 ሰርጎች ይይዛል። ዋናውን እዚያ ገልብጠሽ ነቅለሽ አስቀምጪው፣ ሰርቨሩ ላይ አዲሱ ብቻ ይቅር። የተለወጠው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ካሜራው ያነሳቸው ግማሾች ያሉት የመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ጋሽ_ራዲዮ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ያንን ዲስክ ደግሞ ሰርቪስ ቤት አታኑሪው ልጄ። ዋናው ቤት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ፤ ድንጋይ ግድግዳ በክረምት ያልባል። በየ6 ወሩ አውጥተሽ ሰክተሽ አንድ ሁለቱን ፋይል እስከ መጨረሻ አጫውቺ።